ልጄ ካር ሲቱ ላይ እንቅልፍ ሲወስደው አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው ሱሉልታ ነው። የመጀመሪያ ልጄን ከወለድኩ አምስት ሳምንት ሆነኝ፤ ወንድ ነው። አሜሪካ ያለች የባለቤቴ እህት ካር ሲት (መኪና ውስጥ የሚታሰር የሕፃን ወንበር) ልካልን ስለነበር ከሆስፒታል ያመጣነው በሱ ነው። መኪናችን ቪትዝ ናት። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ፊቷን ወደ በሩ፣ ወደ ቁልቁለቱ እንዳዞረች ባለቤቴ ካር ሲቱን ከኋላ ወንበር ላይ አሰረው። የልጁ ፊት ወደ ኋላ እንዲሆን አድርጎታል። ጎኑ ላይ ያለችው፣ ምን ያህል እንደተጋደመ የምታሳየው ኳስም አረንጓዴው ላይ እስክትቆም አስተካክሎታል። ግቢ ውስጥ ሳየው ሁሉም ልክ ነው። አስፋልቱ ላይ ወጥተን ትንሽ እንደሄድን ግን ልጁ እንቅልፍ ሲወስደው አንገቱ እጥፍ ይልና አገጩ ደረቱ ላይ ይወድቃል። አንዴማ ሲር ሲር የሚል ድምፅ ሰምቼ፣ ደንግጬ መኪናውን አስቁሜ አወጣሁት።

እናቴ ልታርሰኝ መጥታ እዚሁ ናት። «ነጠላ ጠቅልለሽ ከጭንቅላቱ ኋላ አድርጊለት» ትለኛለች። ባለቤቴ «እስከ መጨረሻው እናስተኛው፣ ካልሆነም ወደ ፊት እናዙረውና እያየነው እንሂድ» ይላል። ጎረቤቶቼ ደግሞ «ምን አስጨነቀሽ፣ ታቅፈሽው አትሄጂም?» ይሉኛል። ክርስትናው ደርሷል። የሚነሳው ሳሪስ፣ የባለቤቴ ቤተሰቦች ሰፈር ነው። ያን ሁሉ መንገድ እንዴት ልውሰደው?

የአምስት ሳምንት እናት፣ ከሱሉልታ

መልስ

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ።

መኪናውን አስቁመሽ ልጁን ማውጣትሽ ትክክል ነው። ነገም ከነገ ወዲያም ያንን ድምፅ ከሰማሽ እንደዚያው አድርጊ። አገጭ ደረት ላይ ሲያርፍ የአየር ቧንቧው ይታጠፋል። ሲር ሲር የሚለውም በጠበበ መተላለፊያ እየታገለ የሚገባ አየር ሊሆን ይችላል። ክርስትናው ሳይደርስ መልሱ እጅሽ እንዲገባ ብዬ ደብዳቤሽን ከሌሎቹ አስቀድሜዋለሁ።

የአራስ ጭንቅላት ከሰውነቱ ጋር ሲነጻጸር በጣም ትልቅ ነው። ሲወለድ የቁመቱን ሩብ ያህል ይይዛል፤ አዋቂ ሰው ላይ ግን አንድ ስምንተኛ ገደማ ነው። ይህን ሁሉ ክብደት የሚሸከም የአንገት ጡንቻ ልጅሽ ገና አላወጣም። የአየር ቧንቧውም ቀጭንና ለስላሳ ስለሆነ አንገቱ ሲታጠፍ በቀላሉ ይጠብባል። እኔና አንቺ መኪና ውስጥ አንገታችን ቢታጠፍ እንነቃና ቀና እንላለን። እሱ ቀና ልበል ቢል እንኳ አቅሙ የለውም። በጣም የሚያሳስበኝ ደግሞ እንዲህ የሆነ ሕፃን ብዙ ጊዜ አለማልቀሱ ነው። ዝም ይላል። ፊት የተቀመጡት «ተኛልን» ብለው ደስ ይላቸዋል።

ካር ሲቱ ጋደም እንዲል ተደርጎ የተሠራው ለዚህ ነው። ጀርባው ወደ ኋላ ጋደም ሲል የልጁ ጭንቅላት መደገፊያው ላይ ያርፋል፤ ወደ ደረቱ የሚስበው ነገር አይኖርም። ለአራስ ልጅ አብዛኞቹ አምራቾች የሚፈልጉት ወደ 45 ዲግሪ የሚጠጋ ነው። ልጁ አድጎ አንገቱን በደንብ ሲሸከም ወንበሩ ቀና እያለ እስከ 30 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይምታታበታል። ዲግሪው የሚቆጠረው ከወለሉ ተነስቶ አይደለም። ግንበኛ ቱንቢ ሲጥል ክሩ ቀጥ ብሎ ይወርድ የለ? ከዚያ ከቆመው መስመር ነው የሚቆጠረው። ቁጥሩ ሲያንስ ወንበሩ ቀና ይላል፣ ሲበዛ ይጋደማል።

አሁን ወደ ግቢሽ እንግባ። የችግሩን መነሻ ራስሽ ጽፈሽልኛል። «ፊቷን ወደ ቁልቁለቱ እንዳዞረች» ብለሻል።

ልጅሽ ፊቱ ወደ ኋላ ስለሆነ ጀርባውና ጭንቅላቱ ያሉት በመኪናዋ አፍንጫ በኩል ነው። መኪናዋ አፍንጫዋን ወደ ታች ስትደፋ ካር ሲቱም አብሮ ይጋደማል። ኳሷ የምታውቀው መሬትን ነው፤ መኪናዋ ቁልቁለት ላይ ትቁም ሜዳ ላይ አትለይም። ባለቤትሽ አረንጓዴው ላይ ሲያቆማት ቁልቁለቱ ያጋደመውንም አብሮ ቆጥሮታል። አስፋልቱ ላይ ስትወጡ መኪናዋ ተስተካከለች፣ ካር ሲቱ ቀና አለ፣ የልጁም አንገት ታጠፈ። 10 ሜትር ተሄዶ 1 ሜትር የሚወርድ ቁልቁለት ወደ 6 ዲግሪ ይሆናል። ግቢሽ እንዲህ ያለ ከሆነ 45 የመሰላችሁ ሜዳው ላይ 39 ነበር ማለት ነው። በዓይን ሲያዩት ምንም አይመስልም። ለአምስት ሳምንት ልጅ አንገት ግን ብዙ ነው።

ደግሞ ከሱሉልታ ወደ ከተማ ስትመጡ የእንጦጦ ጋራ አለ። ዳገቱን ስትወጡ መኪናዋ አፍንጫዋን ቀና ታደርጋለች፤ ካር ሲቱም የባሰ ቀጥ ይላል። ወደ አዲሱ ገበያ ስትወርዱ ተገላቢጦሽ ይሆንና ይጋደማል። ለየዳገቱና ለየቁልቁለቱ ማስተካከል አይቻልም፣ አያስፈልግምም። መለኪያው የተሠራው ለሜዳ ነው። ሜዳ ላይ ልክ ከሆነ መንገዱ የሚያመጣውን ትንሽ ትንሽ ለውጥ ይችለዋል። ያንቺ ካር ሲት ግን ገና ሜዳው ላይ ሳለ ስለጎደለው ዳገቱ ሲጨመርበት አልቻለም።

ስለዚህ መጀመሪያ መኪናዋን ደልዳላ ቦታ ላይ አቁሟት። የነዳጅ ማደያ ሜዳ ብዙ ጊዜ ይሆናል። ሰፈራችሁ መቼም ግንባታ አያጣም፤ ግንበኛ ካገኛችሁ ውሃ ልኩን ለአምስት ደቂቃ ቢያውሳችሁ መሬቱን ከፊት ጎማ ወደ ኋላ ጎማ አቅጣጫ ለኩት። ይህን በጣም አጥብቄ የምነግርሽ፣ ቀጥሎ የምትሠሩት ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም ነው።

ከዚያ ኳሷን እዩዋት። ጠጋ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አንዳንዱ ካር ሲት ላይ ሁለት ቀለም ወይም ሁለት መስመር አለ፣ አንዱ ለአራስ ሌላው ከፍ ላለ ልጅ። አጠገቡ ኪሎ ወይም ወር ተጽፎበታል። ልጅሽ የቱ ውስጥ እንደሚገባ አረጋግጡ፤ የትልቁን ልጅ መስመር ለአራስ መጠቀም የተለመደ ስህተት ነው። ኳስ በሌለው ካር ሲት ላይ ደግሞ ጎኑ ላይ አንድ መስመር ይኖራል፤ መስመሩ ከመሬቱ ጋር ትይዩ መሆን አለበት። ስልክ ላይ ባለው የዲግሪ መለኪያ የሚሠሩ ሰዎች አሉ። ካር ሲቱ የራሱ ምልክት ካለው ግን ዳኛው እሱ ነው። አምራቹ የለካው በየት በኩል እንደሆነ ስልኩ አያውቅም።

ሜዳው ላይ ኳሷ ወደ ቀናው በኩል ሄዳ ታገኟታላችሁ ብዬ እገምታለሁ። ካር ሲቱ የታሰረበትን የመኪናውን ቀበቶ ፍቱት። ታስሮ ሳለ ማስተካከል አይመችም፣ አንዳንዱም እስከ ጭራሹ እምቢ ይላል። ከካር ሲቱ ስር ወይም ፊት ለፊት የሚሳብ እጀታ፣ የሚዞር ጉብታ ወይም የሚወጣ እግር ይኖራል። አንድ ደረጃ ጋደም አድርጉትና እንደገና እዩ።

ሁሉንም ደረጃ ጨርሳችሁ አሁንም ቀና ካለ ጥፋቱ የመኪናዋ ወንበር ነው። የብዙ መኪኖች የኋላ መቀመጫ ወደ መደገፊያው በኩል ሰመጥ ይላል። የካር ሲቱ የእግር በኩል እዚያ ውስጥ ይወርድና ጀርባው ቀጥ ይላል። ለዚህ መፍትሔው ፎጣ ነው። መካከለኛ ፎጣ ጠበቅ አድርጋችሁ እንደ ዱላ ጠቅልሉት፣ እንዳይፈታ በፕላስተር እሰሩት። ከዚያ የመኪናው መቀመጫና መደገፊያ የሚገናኙበት ስርጉድ ውስጥ፣ ከካር ሲቱ የእግር በኩል ስር አስገቡት። እግሩ ከፍ ሲል ጀርባው ጋደም ይላል። በልጁ ጭንቅላት በኩል ስር ካደረጋችሁት ግን የባሰ ቀና ታደርጉታላችሁ፤ በቦታው እንዳትሳሳቱ። ደግሞ ማኑዋሉን ሳታዩ ፎጣ አታስገቡ። አንዳንድ አምራች ይፈቅዳል፣ አንዳንዱ ይከለክላል።

አሁን ማጥበቅ ነው። ቀበቶው ፊቱ ወደ ኋላ ለዞረ ልጅ በተሠራው ቀዳዳ ማለፍ አለበት፤ ብዙ ጊዜ በሰማያዊ ምልክት ተደርጎበታል፣ ወደ ፊት ለሚዞረው ደግሞ ቀይ ነው። ባለቤትሽ በአንድ እጁ ካር ሲቱን ወደ ታች ጫን ይበልና በሌላው ቀበቶውን ይሳብ። ሲጨርስ ቀበቶው በሚያልፍበት ቦታ ላይ ይዞ ወደ ግራ ቀኝና ወደ ፊት ኋላ ይነቅንቀው። ከ2.5 ሳንቲ ሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም። በጭንቅላቱ በኩል ይዞ ቢነቀንቀው ይንቀሳቀሳል፤ ያ ችግር የለውም፣ እዚያ ጋ አይለካም።

የመኪናው ቀበቶ የማይቆለፍ ከሆነ መንገድ ላይ ቀስ በቀስ ይላላል። ኮብልስቶኑና ጉድጓዱ ሥራውን ይሠራል። ቀበቶውን ቀስ ብሎ እስከ መጨረሻው ስቦ መልቀቅ ነው፤ ሲመለስ ቀጭ ቀጭ እያለ ወደ ውስጥ ብቻ የሚሄድ ከሆነ ይቆለፋል። ካልሆነ ካር ሲቱ የራሱ ማቆለፊያ እንዳለው ማኑዋሉ ላይ ፈልጉ። አለዚያ ዛሬ ያስተካከላችሁት ልክ በክርስትናው ዕለት ሌላ ሆኖ ታገኙታላችሁ።

ካጠበቃችሁ በኋላ ኳሷን እንደገና እዩ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ቀበቶው ሲጠብቅ የወንበሩ ስፖንጅ ይሰምጣል፣ ያስተካከላችሁትም ይዛወራል። ከተዛወረ ፈታ አድርጎ ከላይ መጀመር ነው። አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ግድ ነው።

ቪትዝ ጠበብ ያለች ናት። አራስ የሚፈልገውን ያህል ጋደም ሲል ካር ሲቱ የፊት ወንበሩን ሊነካ ይችላል። ቦታ አጣን ብላችሁ ካር ሲቱን ቀና እንዳታደርጉት። የፊት ወንበሩን ወደ ፊት ግፉት። ለዚህ ነው ከሾፌሩ ኋላ ሳይሆን ከጎኑ ከሚቀመጠው ሰው ኋላ ማሰር የሚሻለው። ካር ሲቱን ራሱን ከፊት ወንበር ላይ ማድረግ ግን አይታሰብም፤ ኤርባጉ (በግጭት ጊዜ ከፊት የሚነፋው ከረጢት) ሲፈነዳ የሚያርፈው በቀጥታ የልጁ ጭንቅላት ካለበት ጀርባ ላይ ነው።

የእናትሽን ነጠላ በተመለከተ። እናትሽ የልጁን አንገት ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው፤ ብዙ ሰው አያየውም። ነጠላውን ከጭንቅላቱ ኋላ ካደረግሽው ግን ጭንቅላቱን ወደ ፊት ይገፋዋል። ወደ ፊት ማለት ወደ ደረቱ ነው። ልናጠፋው የፈለግነውን ነገር በገዛ እጃችን እናመጣዋለን። ከገበያ የሚገዙት የአንገት ትራሶችም እንዲሁ ናቸው። ከካር ሲቱ ጋር አብሮ የመጣ የአራስ ትራስ ካለ እሱን ተጠቀሚ፤ አብሮት ያልመጣውን ተዪው።

ነጠላ የሚያገለግልበት ቦታ ሌላ ነው። ልጁን አስቀምጠሽ ማሰሪያውን ካጠበቅሽ በኋላ ጭንቅላቱ ወደ ግራ ወደ ቀኝ የሚወድቅ ከሆነ፣ ሁለት ቀጫጭን ጨርቅ ጠቅልለሽ ከግራና ከቀኝ ጎኑ ማድረግ ይቻላል። ከጎን ብቻ። ከኋላው ምንም፣ ከስሩም ምንም። ለእናትሽ እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው፤ ጎን ጎኑን እሳቸው ያዘጋጁልሽ።

አቀማመጡንም እዪ። ካር ሲቱ ልክ ሆኖ ልጁ ተንሸራቶ የሚጎብጥበት ጊዜ አለ። ስታስቀምጪው መቀመጫውንና ወገቡን ወደ ኋላ ገፋ አድርጊና መደገፊያው ጋ አስጠጊው። ትከሻው ላይ ያለው ማሰሪያ ከትከሻው እኩል ወይም ትንሽ ዝቅ ካለ ቀዳዳ መውጣት አለበት፤ ፊቱ ወደ ኋላ ለዞረ ልጅ ከትከሻ በላይ ከሆነ ልክ አይደለም። ትከሻው ላይ ማሰሪያውን በሁለት ጣት ቆንጥጪው። እጥፋት ከያዝሽ ላልቷል፣ አጥብቂ። የአሜሪካ ካር ሲት ስለሆነ ደረቱ ላይ የሚቆለፍ ነገር አለው፤ እሱ ከብብቱ እኩል ይሁን። ሁሉን ጨርሰሽ ጣትሽን በአገጩና በደረቱ መካከል አስገቢ። በነፃነት ከገባች አንገቱ ቀና ብሏል።

ጋቢውስ? ሱሉልታ ብርዷ የታወቀ ነው፤ በጠዋት ደግሞ ይብሳል። አውቃለሁ፣ እናትሽ ልጁን በጋቢ ጠቅልለው ይሰጡሻል። ጋቢው ከልጁና ከማሰሪያው መካከል መግባት የለበትም። ወፍራም ነገር ሲገባ ማሰሪያው የጠበቀ ይመስላል። አደጋ ሲደርስ ጋቢው ይጨመቅና ልጁ በላላው ማሰሪያ ውስጥ ይወጣል። ከጀርባው የተጠቀለለውም ትከሻውን ወደ ፊት እየገፋ አንገቱን ያጎብጠዋል። ስለዚህ ቱታና ኮፍያ አልብሺው፣ አስቀምጪው፣ እሰሪው፤ ጋቢውን ከዚያ በላይ አልብሺው። ፊቱን አትሸፍኚ። መኪናው ሲሞቅ ግለጪለት።

ወደ ባለቤትሽ ሐሳብ ልምጣ። እስከ መጨረሻው ማስተኛቱ ለትንፋሹ ጥሩ ይመስላል። ካር ሲት ግን የተሠራው ለአደጋ ነው። መኪና ከፊት ሲጋጭ ፊቱ ወደ ኋላ የዞረ ልጅ ጉልበቱን የሚቀበለው በሙሉ ጀርባው ነው፤ ጭንቅላቱ፣ አንገቱና ጀርባው በአንድነት መደገፊያው ላይ ያርፋሉ። ከ45 አልፎ በጣም ሲጋደም መደገፊያው ሊይዘው አይችልም። ልጁ በጭንቅላቱ በኩል ወደ ላይ ይንሸራተታል፤ ያን ሁሉ ጉልበት ትከሻውና አንገቱ ይቀበሉታል። የሚሻለው መካከሉ ነው፤ ቀና ሲል ትንፋሹን፣ ሲበዛ መከላከያውን ያጣል። አምራቾች ልኩን በቀለም የከለሉት ለዚህ ነው።

ወደ ፊት ማዞር ደግሞ በዚህ ዕድሜ ፈጽሞ አይሆንም። መኪና ድንገት ሲቆም ማሰሪያው ሰውነቱን ይይዘዋል፣ ያ ትልቅ ጭንቅላት ግን ወደ ፊት ይወረወራል፤ የሚይዘው ገና ያልጠነከረ አንገት ብቻ ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ በ2018 ባወጣው ምክር ልጆች ካር ሲታቸው የፈቀደው ኪሎና ቁመት እስኪሞላ ድረስ ፊታቸው ወደ ኋላ ይሁን ብሏል። አዲሱ የአውሮፓ ደንብ ደግሞ ከ15 ወር በፊት ማዞርን አይፈቅድም። እግሩ ሲያድግ የመኪናውን መደገፊያ ይነካል፤ ይታጠፍ፣ ምንም አይሆንም። ባለቤትሽ ልጁን ማየት ከፈለገ መፍትሔው ቀላል ነው። አንቺ ከኋላ ከልጁ አጠገብ ተቀመጪ፤ እሱ መንገዱን ይይ፣ አንቺ አገጩን እዪ።

ስለ መታቀፍም ልመልስልሽ። ጎረቤቶችሽ ክፉ አላሰቡም፤ እዚህ ከተማ ውስጥ አብዛኛው ሕፃን የሚሄደው ታቅፎ ነው። ግን አስቢው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና ተጋጭቶ ግማሽ ሜትር በምትሆን ርቀት ውስጥ ሲቆም፣ 5 ኪሎ ልጅ ክንድሽ ላይ የ100 ኪሎ ያህል ይከብዳል። አንድ ኩንታል ጤፍ ከእጅሽ እየተነጠቀ ማለት ነው። ማንም እናት፣ የቱንም ያህል ብትወድ፣ አትይዘውም። ራይድም ሆነ ሌላ መኪና በምትይዢበት ቀን ካር ሲቱን ይዘሽ ሂጂ። የብዙዎቹ የኋላ ቀበቶ መቆለፊያ በወንበር ልብስ ተቀብሮ ስለሚገኝ ሾፌሩን «ቀበቶውን አውጣልኝ» ማለት አያሳፍርም።

የክርስትናው ቀን። ሱሉልታና ሳሪስ የከተማው ሁለት ጫፍ ናቸው፤ መንገዱ ከተዘጋጋም ጊዜ ይፈጃል። ሕፃን ካር ሲት ውስጥ በአንድ ጊዜ ከ2 ሰዓት በላይ እንዳይቆይ ይመከራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደግሞ በየ30 ደቂቃው ገደማ ቢወጣ ይመረጣል። ስለዚህ አንድ ማረፊያ አስቀድማችሁ ያዙ። ጋራውን ወርዳችሁ አዲሱ ገበያ ስትደርሱ ዳር ይዛችሁ ቁሙ፤ አውጪው፣ አጥቢው፣ አስገሺው፣ እንደገና እሰሪው። መኪናው እየሄደ እያለ ለማጥባት አታውጪው። ሲያለቅስ ሆድሽ እንደሚላወስ ይገባኛል፤ ቢሆንም መኪናው ይቁምና ይውጣ።

ከኋላ የሚጫነውንም አስቡበት። የጠላ ጀሪካንና ድስት ሲበዛ የመኪናዋ ኋላ ዝቅ፣ አፍንጫዋ ቀና ይላል፤ ካር ሲቱም አብሮ ትንሽ ቀና ይላል። ያልታሰረ ጀሪካን ደግሞ በፍሬን ጊዜ የት እንደሚያርፍ አይታወቅም። ድግሱ ሌላ መኪና ላይ ይጫን፤ እናንተ ልጁን ይዛችሁ ሂዱ።

ሳሪስ ስትደርሱ አንድ ነገር ይፈጠራል፣ አሁኑኑ ተዘጋጂበት። ልጁ ተኝቶ ይሆናል። አክስቶች «አትቀስቅሱት፣ እንዳለ አምጡት» ብለው ካር ሲቱን አልጋ ላይ ወይም ሶፋ ላይ ያስቀምጡታል። ካር ሲቱ ልኩን የሚጠብቀው መኪና ውስጥ ሲታሰር ነው። ለስላሳ አልጋ ላይ ዘመም ይላል፣ ሊገለበጥም ይችላል፤ በግርግሩ መካከል አገጩን የሚያይ ሰው አይኖርም። አውጥተሽ ጠንከር ያለ ፍራሽ ላይ በጀርባው አስተኚው። ቢነቃ ይንቃ።

መንገድ ላይ ከንፈሩ ዙሪያ ከጠቆረ ወይም ሰማያዊ ከሆነ፣ ትንፋሹ ከተቆራረጠ ወይም ያ ድምፅ ከተመለሰ ወዲያው ቁሙና አውጡት፤ ካልተሻለው በቀጥታ ወደ ሕክምና ሂዱ። ያ ሲር ሲር የሚለው ድምፅ ቤት ውስጥ በጀርባው ተኝቶም የሚሰማ ከሆነ ነገሩ የካር ሲት ብቻ አይደለምና ክርስትናውን ሳትጠብቂ ሐኪም ጋ ውሰጂው። ከ37 ሳምንት በፊት ከተወለደ ወይም ሲወለድ ኪሎው ትንሽ ከነበረም ረጅም መንገድ ከመውጣታችሁ በፊት ሐኪሙን ጠይቁ። አንዳንዱ ትንሽ ልጅ 45 ዲግሪ ላይም ትንፋሹ ይከብደዋል።

ማኑዋሉ ከጠፋባችሁ አትጨነቁ። ካር ሲቱ ላይ በተለጠፈው ወረቀት የሞዴሉ ቁጥርና የተሠራበት ቀን አለ፤ በቁጥሩ ከአምራቹ ድረ ገጽ ማውረድ ይቻላል። እንግሊዝኛው ካስቸገረ ለባለቤትሽ እህት በቪዲዮ ደውሉላትና አብራችሁ አንብቡት። እግረ መንገዳችሁን ካር ሲቱ አዲስ ይሁን ያገለገለ፣ አደጋ ደርሶበት ያውቅ እንደሆነ ጠይቋት። የአገልግሎት ማብቂያው ዓመት ከስሩ ወይም ከኋላው ፕላስቲኩ ላይ ታትሟል፤ ካለፈ አትጠቀሙበት።

እስከ ክርስትናው ቀን አለሽ። ነገ ጠዋት ማደያው ሜዳ ላይ ውጡ። ልጅሽን እግዚአብሔር ያሳድግልሽ።